ሙቀትን በማግኔት ማንበብ፦ ማቀዝቀዣ የማይሻ የኢንፍራሬድ ዲቴክተርና የስፒንትሮኒክስ ድርሻ

ያለ ማቀዝቀዣ የሚሠራ የኢንፍራሬድ ዲቴክተር ከስፒንትሮኒክስ ይገኛል የሚለው ተስፋ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በፊዚክስና በኤሌክትሮኒክስ መጽሔቶች ተደጋግሞ ይነሣል። ተስፋው ባዶ አይደለም። የኤሌክትሮንን ስፒን የሚጠቀሙ መሣሪያዎች፣ ውፍረታቸው በናኖሜትር ከሚቆጠር ንጣፎች ተሠርተው፣ በተራ የክፍል ሙቀት ለዓመታት ሳይበላሹ መሥራት እንደሚችሉ በኮምፒውተር ዲስክና በማግኔት ሜሞሪ አስመስክረዋል። የማልስማማው ተስፋው በሚለካበት ሚዛን ነው። አብዛኛው ሙግት የሚቆመው «ይህ መሣሪያ ለአንድ ዋት ይህን ያህል ቮልት ይሰጣል» በሚል ቁጥር ላይ ነው፤ ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ካሜራውም አብሮ የሚሻሻል ይመስላል። እኔ ግን በክፍል ሙቀት በሚሠራ ዲቴክተር ውስጥ ስፒንትሮኒክስ ሊያበረክት የሚችለው ዋናው ነገር ስሱነቱ ሳይሆን ትንሽነቱ ነው እላለሁ። ይህን ለማየት ከማግኔቱ በፊት ሙቀቱን፣ ከሙቀቱም በፊት ጨረሩን መመርመር ያስፈልጋል።

ዊልያም ሄርሸል በ1800 እ.ኤ.አ. የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ፣ ከቀዩ ቀለም ማዶ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ቴርሞሜትር ሲያስቀምጥ ንባቡ ከፍ አለ። የመጀመሪያው የኢንፍራሬድ ዲቴክተር እንግዲህ ቴርሞሜትር ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው የሄርሸል መንገድ ነው፤ ጨረሩ ሲመጠጥ የሚፈጥረውን ሙቀት መለካት። ሁለተኛው እያንዳንዱ ፎቶን በሴሚኮንዳክተር ውስጥ ኤሌክትሮን እንዲያስነሣ ማድረግ ነው። በዚህ በሁለተኛው መንገድ እስከ ዛሬ የሚመራው ሜርኩሪ ካድሚየም ቴሉራይድ ሲሆን፣ በ1959 በእንግሊዝ ማልቨርን በሚገኘው የሮያል ራዳር ተቋም ይፋ የሆነ ቁስ ነው። ጥራቱ ታላቅ ነው፤ ችግሩ ቅዝቃዜ መፈለጉ ነው። ሙቀቱ 300 ኬልቪን አካባቢ የሆነ ነገር ሁሉ፣ ሰውም ግድግዳም አፈርም፣ አብዝቶ የሚያበራው በ10 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ገደማ ነው። የዚህ ፎቶን ጉልበት 0.124 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ሲሆን፣ በ300 ኬልቪን ያለው የቁሱ የራሱ የሙቀት ጉልበት ደግሞ 0.026 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አምስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ፎቶን ሳይመጣ ሙቀቱ ራሱ ኤሌክትሮኖችን ያስነሣል፤ ዕድሉም በቀላል ስሌት ከ120 አንድ ገደማ ነው። ቁሱ በፈሳሽ ናይትሮጅን ወደ 77 ኬልቪን ሲወርድ ይኸው ዕድል ከ100 ሚሊዮን አንድ በታች ይሆናል። ማቀዝቀዣው እንግዲህ ለድሎት የተጨመረ ዕቃ አይደለም፤ በፎቶኑ ጉልበትና በክፍሉ ሙቀት መካከል ያለው ጠባብ ክፍተት ያስገደደው ነው።

ማቀዝቀዣውን ለመተው የፈለገ ሁሉ ወደ ሄርሸል መንገድ መመለሱ ለዚህ ነው። በ1980ዎቹ የአሜሪካው ሃኒዌል ኩባንያ በአንድሪው ውድ መሪነት በወታደራዊ ምሥጢርነት ያዳበረውና በ1992 ይፋ የወጣው ማይክሮቦሎሜትር፣ ዛሬ በእሳት አደጋ ሠራተኞች እጅ፣ በኤሌክትሪክ መስመር ተቆጣጣሪዎች ቦርሳና በመኪኖች ግንባር ላይ የሚገኘው የሙቀት ካሜራ ልብ ነው። አሠራሩን በቅርብ ማየት ይጠቅማል፤ ስፒንትሮኒክስ መወዳደር ያለበት ከዚህ ጋር ነውና። እያንዳንዱ ፒክስል ከሲሊከኑ ወለል 2.5 ማይክሮሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሁለት ቀጫጭን እግሮች የተንጠለጠለ ስስ ድልድይ ነው። ከፍታው በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ የ10 ማይክሮሜትር ሞገድ አንድ አራተኛ ስለሆነ፣ ከሥር ካለው መስታወት የሚመለሰው ጨረር በድልድዩ ላይ ተደራርቦ እንዲመጠጥ ያደርጋል። ድልድዩ ላይ የቫናዲየም ኦክሳይድ ንጣፍ አለ፤ ሬዚስታንሱ ለአንድ ኬልቪን የሙቀት ለውጥ 2 በመቶ ያህል ይለወጣል። ዙሪያው ቫኩም ነው፤ ሙቀቱ በእግሮቹ በኩል ካልሆነ መውጫ እንዳይኖረው።

አሁን ቁጥሮቹን እናገናኝ። ስፋቱ በየጎኑ 17 ማይክሮሜትር የሆነ ፒክስል፣ የትኩረት ርዝመቱ ከዲያሜትሩ እኩል የሆነ ሌንስ ይዞ፣ ጨረሩን ሁሉ ይመጥጣል እንበል። ከፊቱ ያለው ዕቃ ሙቀት በአንድ ኬልቪን ሲጨምር፣ ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ባለው መስኮት ወደ ፒክስሉ የሚደርሰው ተጨማሪ ኃይል 150 ፒኮዋት ገደማ ነው። እግሮቹ በአንድ ኬልቪን ልዩነት 30 ናኖዋት የሚያሳልፉ ከሆነ የፒክስሉ ሙቀት የሚጨምረው 5 ሚሊኬልቪን ብቻ ነው። ካሜራው ከፊቱ የሃምሳ ሚሊኬልቪን ልዩነት እንዲለይ ከተፈለገ ደግሞ ፒክስሉ የራሱን ሙቀት እስከ ሩብ ሚሊኬልቪን ድረስ ማወቅ አለበት። ይህ ብቻ ቢሆን የተሻለ ቴርሞሜትር ማምጣት በቂ በሆነ ነበር። ነገር ግን ሙቀት ራሱ በእግሮቹ በኩል ሲገባና ሲወጣ ያለማቋረጥ ይዋዥቃል፤ ይህን መዋዠቅ ማንም ቴርሞሜትር አያስቀረውም። ከላይ ላለው ፒክስል ስሌቱ የሚሰጠው በአንድ ኸርዝ ስፋት 0.4 ፒኮዋት ያህል ነው፤ የ10 ሚሊሰከንድ ምላሽ ላለው ፒክስል ሲጠቃለል 2 ፒኮዋት ይሆናል። 2 ፒኮዋትን ለ150 ሲያካፍሉት 13 ሚሊኬልቪን ገደማ ይወጣል። ገበያ ላይ ያሉ ጥሩ ካሜራዎች ከ30 እስከ 50 ሚሊኬልቪን ይለያሉ። ስለዚህ የሙቀት መከላከያው ባለበት ከቆየ፣ በዓለም ላይ ያለው ምርጥ ቴርሞሜትር በቫናዲየም ኦክሳይዱ ቦታ ቢተካ እንኳ የሚገኘው ትርፍ ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ብቻ ነው። ከሺህ እጥፍ ስሱነት ሺህ እጥፍ የተሻለ ካሜራ ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይህን የሙቀት መዋዠቅ ወለል አላየውም።

ከዚህ በኋላ ወደ ማግኔቱ መዝለቅ ይቻላል። የዘርፉ ታሪክ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። አልበርት ፌርት በኦርሴ፣ ፒተር ግሩንበርግ በዩሊሽ በ1988 ባሳዩት ሥራ፣ በስስ የብረትና የክሮሚየም ንጣፎች ውስጥ የማግኔቶቹ አቅጣጫ ሲለወጥ ሬዚስታንሱ በእጅጉ እንደሚለወጥ ታወቀ፤ የ2007 የኖቤል ሽልማትም በዚሁ መጣ። ከዚያ በሁለት ማግኔቶች መካከል ስስ ኢንሱሌተር ያስገባው ማግኔቲክ ተነል ጃንክሽን ተከተለ፤ ሐሳቡን ሚሼል ዡሊየር በ1975 ሬን ላይ በቅዝቃዜ ቢያሳየውም፣ በክፍል ሙቀት በአስተማማኝ ሁኔታ የታየው በ1995 በሙዴራና በሚያዛኪ ቡድኖች ነው። በ2004 ፓርኪን በአሜሪካ፣ ዩዋሳ በጃፓን ኢንሱሌተሩን ማግኒዥየም ኦክሳይድ ሲያደርጉት ለውጡ ወደ 200 በመቶ ተጠጋ፤ በ2008 ደግሞ የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በክፍል ሙቀት 604 በመቶ ደረሱ። እነዚህ አኃዞች ትልልቅ በመሆናቸው ብዙዎች ወዲያው ወደ ኢንፍራሬድ ያሻግሯቸዋል። እነርሱ የሚለኩት ግን ማግኔቱ ሲገለበጥ የሚመጣውን ለውጥ ነው፤ ጨረሩ በራሱ ማግኔቱን አይገለብጠውም።

ጨረሩ በቀጥታ ከስፒን ጋር እንዲነጋገር ማድረግ አይቻልም ወይ? የመጀመሪያው ተቃውሞ ይህ ነው፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። 10 ማይክሮሜትር ማለት 30 ቴራኸርዝ ነው። ተራ ማግኔት በተፈጥሮው የሚርገበገበው በጥቂት ጊጋኸርዝ ነው፤ ፈጣን የሚባሉት አንቲፌሮማግኔቶች እንኳ፣ ለምሳሌ ኒኬል ኦክሳይድ፣ አንድ ቴራኸርዝ አካባቢ ይቆማሉ። በ30 ቴራኸርዝ የጨረሩ የማግኔት ክፍል ቁሱን ሳይነካው ያልፋል ማለት ይቻላል። ዣኬና ቫሌ በ1995 ያሳዩት ውጤት አለ፤ በማግኔት ንጣፎች ውስጥ የሚያልፈው የኢንፍራሬድ ብርሃን መጠን በማግኔቶቹ አቅጣጫ ይለወጣል። ነገር ግን በዚያ ሙከራ ብርሃኑ ማግኔቱን ያነባል እንጂ ማግኔቱ ብርሃኑን አያነብም፤ ለናሙና መመርመሪያ ይጠቅማል፣ ለካሜራ አይሆንም። በሚላኖ ፖሊቴክኒክ በፕላቲነምና በጀርማኒየም የተሠራው ሥራ ከዚህ ይሻላል፤ በክብ የተጠማዘዘ ብርሃን በጀርማኒየሙ ውስጥ ስፒናቸው ወደ አንድ ወገን ያደላ ኤሌክትሮኖችን ያስነሣል፣ ፕላቲነሙም ስፒኑን ወደ ቮልቴጅ ይለውጠዋል፣ ያውም በክፍል ሙቀት። የብርሃኑን ጥምዘዛ ያለ ተጨማሪ ማጣሪያ ማንበቡ በእውነት ስፒን ብቻ የሚሰጠው ችሎታ ነው። ሆኖም የሚሠራው የፎቶኑ ጉልበት 0.8 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢና ከዚያ በላይ በሆነበት በቅርቡ ኢንፍራሬድ ነው። ወደ 10 ማይክሮሜትር ሲወርዱ ያ ጠባብ ክፍተት እንደገና ይጠብቃል። የሙቀት ካሜራ ሞገድ ላይ ስፒን ፎቶን አዳኝ ሊሆን አይችልም፤ ሊሆን የሚችለው ቴርሞሜትር ነው።

ቴርሞሜትር ሆኖ ሲታሰብም መንገዶቹ እኩል አይደሉም። በ2008 የጃፓኑ ኡቺዳና ሳይቶህ ቡድን ያሳየው የስፒን ሲቤክ ክስተትና ከእርሱ ጋር የሚቀራረበው አኖማለስ ኔርንስት ክስተት፣ የሙቀት ልዩነትን በቀጥታ ወደ ቮልቴጅ ይለውጣሉ። የውጭ ፍሰት አይፈልጉም፤ ስለዚህ ፍሰት ይዞት የሚመጣው ዝግ ያለ ኖይዝም የለባቸውም። ቮልቴጁ ከሙቀቱ አቅጣጫ ጎን ለጎን ስለሚወጣም ንጣፉን በቀላሉ በሰፊ ቦታ ላይ መዘርጋት ይቻላል። ድክመታቸው ግን መሠረታዊ ነው። በዚህ ረገድ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የኮባልት፣ ማንጋኒዝና ጋሊየም ውህድ የሚሰጠው በአንድ ኬልቪን 6 ማይክሮቮልት ያህል ነው፤ ተራ የሙቀት ኤሌክትሪክ ሴሚኮንዳክተሮች በመቶ የሚቆጠር ይሰጣሉ። በዚያ ላይ ቮልቴጁ የሚመጣው በስሱ ንጣፍ ውፍረት መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ነው፤ የ5 ሚሊኬልቪን ምልክት ደግሞ ከእግሮቹ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚለካ እንጂ በጥቂት ናኖሜትር ውስጥ የሚቀር አይደለም። ለግድግዳና ለባትሪ የሙቀት ፍሰት መለኪያነት እነዚህ ክስተቶች ጥሩ ወደፊት አላቸው ብዬ አምናለሁ፤ ለምስል ፒክስል ግን አይመቹም።

የተነል ጃንክሽኑን ሬዚስታንስ እንዲሁ በቀጥታ እንደ ቴርሞሜትር ማንበብም አያዋጣም። በጃንክሽኑ ሁለቱ ማግኔቶች አንድ ላይ ሲያመለክቱ ሬዚስታንሱ በሙቀት ብዙም አይነቃነቅም፤ ሲቃረኑ ደግሞ ለውጡ በአንድ ኬልቪን ከ0.1 በመቶ ብዙ አይርቅም። ይህ ከቫናዲየም ኦክሳይድ ሃያ እጥፍ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጥበቡ ያለው ማግኔቱ ራሱ ለሙቀት ስሱ እንዲሆን በማድረግ ላይ ነው። በ2010 የቶሆኩ ቡድን እንዳሳየው፣ 1.3 ናኖሜትር የሚሆን የኮባልት፣ ብረትና ቦሮን ንጣፍ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ላይ ሲያርፍ፣ በመገናኛው ላይ በሚፈጠር ኃይል ማግኔቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህን ኃይል የሚቃወመው የማግኔቱ ቅርጽ ነው፤ ቅርጹ ንጣፉ ላይ እንዲተኛ ይጎትተዋል። ሁለቱ ኃይሎች ሊተካከሉ ሲቃረቡ ማግኔቱ በሙቀት ጥቂት ለውጥ ይናወጣል፤ የሚርገበገብበት ድግግሞሽም በሙቀት ይሸሻል። ለምሳሌ ያህል በመገናኛው ያለው ኃይል 1.7 ቴስላ፣ የቅርጹ 1.5 ቴስላ ቢሆንና ማግኔቱ በአንድ ኬልቪን 0.05 በመቶ ቢዳከም፣ ድግግሞሹ በአንድ ኬልቪን 7 ወይም 8 ሜጋኸርዝ ይሸሻል። በጥቂት ጊጋኸርዝ ለሚርገበገብ ማግኔት ይህ አነስተኛ ቁጥር አይደለም። ኢንፍራሬዱ ድልድዩን ያሞቃል፣ ድልድዩ ማግኔቱን፣ ማግኔቱም ድግግሞሹን ይለውጣል፤ ድግግሞሹን ማይክሮዌቭ ያነባል።

ማይክሮዌቩን ወደ ቋሚ ቮልቴጅ የሚለውጠው ደግሞ በ2005 በጃፓን ቱላፑርካርና ባልደረቦቹ ያሳዩት የስፒን ዳዮድ ነው። በዚህ ዳዮድ ላይ የሚጠቀሱት ቁጥሮች ናቸው ሰዉን የሚያሳስቱት። በ2014 ሚዋና ባልደረቦቹ ለአንድ ሚሊዋት 12,000 ሚሊቮልት አገኙ፤ በ2016 ደግሞ ከቻይናና ከጣሊያን የተውጣጡ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን 75,400 ደረሰ። የሴሚኮንዳክተር ሾትኪ ዳዮድ የክፍል ሙቀት ጣሪያ 3,800 ነው። ስኬቱ እውነተኛ ነው፤ የሚለካው ግን የማይክሮዌቭ ሚሊዋት እንጂ የኢንፍራሬድ ሚሊዋት አይደለም። በኢንፍራሬድ ዲቴክተር ውስጥ ማይክሮዌቩ እኛው ራሳችን የምናስገባው ማንበቢያ ነው፤ ሁለቱን ኃይሎች ማምታታት ሙሉውን ግምት ያበላሻል። ሌላም አለ። ከፍተኛዎቹ ቁጥሮች የሚገኙት ቋሚ ፍሰት በጃንክሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ነው። 0.1 ቮልትና 0.1 ሚሊአምፔር ብንወስድ ኃይሉ 10 ማይክሮዋት ነው፤ በጠረጴዛ ላይ ላለ ናሙና ምንም አይደለም። እግሮቹ 30 ናኖዋት በኬልቪን በሚያሳልፉት ድልድይ ላይ ግን ሙቀቱን በ330 ኬልቪን ከፍ ያደርገዋል። ፒክስሉ ኢንፍራሬዱን ሳያይ በራሱ ማንበቢያ ይቃጠላል። በሙቀት መከላከያ ላይ ያልተሰቀለ ጃንክሽን የሰጠውን ቁጥር ወስዶ ወደ ድልድዩ ማሻገር የማይቻለው ለዚህ ነው። መውጫው ማግኔቱን በፍሰት ሳይሆን በቮልቴጅ መንዳት ነው፤ የኦሳካው ማሩያማና ባልደረቦቹ በ2009 በክፍል ሙቀት እንዳሳዩት፣ ቮልቴጅ ብቻውን የመገናኛውን ኃይል መለወጥ ይችላል፣ ከዚያም በኋላ በቮልቴጅ ብቻ ማግኔትን ማርገብገብ እንደሚቻል ታይቷል። እኔ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል የምለው መንገድ ይህ ነው።

ሌላው ብዙ የሚወራለት መንገድ ማግኔቱን ይበልጥ አሳንሶ በራሱ እንዲገለባበጥና የመገለባበጡ ፍጥነት ሙቀትን እንዲነግር ማድረግ ነው። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ውጤቱ በቀጥታ ቁጥር ስለሆነ ዲጂታል ነው። ስሌቱ ግን አይረዳውም። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚገለበጥ ማግኔት፣ በሙቀት ምክንያት ብቻ ፍጥነቱ በአንድ ኬልቪን 2.3 በመቶ ገደማ ይለወጣል። የአንድ ሚሊኬልቪን ለውጥ ለመለየት ወደ 2 ቢሊዮን ግልበጣ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ይህም ከግማሽ ሰዓት በላይ ነው። በካሜራ ፍጥነት ሩብ ሚሊኬልቪን ለማንበብ ይህ መንገድ አይበቃም።

እንግዲህ ስሱነቱ በወለሉ ከታገደ፣ ማንበቢያውም ድልድዩን እንዳያሞቅ ከተፈራ፣ ስፒንትሮኒክስ ምን ይዞ ይመጣል? መልሱ ክብደቱ ውስጥ ነው። ዲያሜትሩ 50 ናኖሜትር፣ ጠቅላላ ውፍረቱ 30 ናኖሜትር የሆነ ጃንክሽንን በአንድ ኬልቪን ለማሞቅ የሚያስፈልገው ጉልበት አንድ ጁል ለአምስት ሺህ ትሪሊዮን ቢካፈል የሚገኘው ነው። የአሁኑ ማይክሮቦሎሜትር ድልድይ ከዚህ ከአንድ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ይፈልጋል። ማይክሮቦሎሜትር 10 ሚሊሰከንድ የሚዘገየው ድልድዩ ከባድ ስለሆነ ነው፤ ድልድዩ ሰፊ የሆነውም መጣጩና ቴርሞሜትሩ አንድ ላይ ስለተሠሩ ነው። ቴርሞሜትሩ እስከ ናኖሜትር ካነሰ ግን ጨረሩን የሚሰበስብ አንቴና በሲሊከኑ ወለል ላይ ሊቀር፣ አንድ ማይክሮሜትር በአንድ ማይክሮሜትር የሆነ፣ 0.2 ማይክሮሜትር የሚወፍር ትንሽ ድልድይ ብቻ ሊንጠለጠል ይችላል። እግሮቹ ያው 30 ናኖዋት ቢያሳልፉ ምላሹ ከ10 ሚሊሰከንድ ወደ 13 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይወርዳል። ይህ ፍጥነት በጥራት አይከፈልም። እግሮቹን አወፍሮ ፍጥነት የሚገዛ ሰው መከላከያውን ስለሚያጣ ኖይዙ ይጨምርበታል፤ ድልድዩን አቅልሎ ፍጥነት የሚያገኝ ግን፣ ምስሉን ለ10 ሚሊሰከንድ ሲያማክለው ያንኑ የ13 ሚሊኬልቪን ገደማ ወለል መልሶ ያገኛል። በሚሽከረከር ማሽን ላይ የሚፈጠር ግለትን ወይም በጋዝ ውስጥ ያለፈ የሌዘር ምትን ያለ ማቀዝቀዣ መከታተል ዛሬ ለማይክሮቦሎሜትር የማይቻል ሆኖ ሳለ፣ ለእንዲህ ያለ ፒክስል የሚቻል ይሆናል።

በዚህ ላይ ሊነሡ የሚችሉት ተቃውሞዎች ከባድ ናቸው። የመጀመሪያው፣ ማግኔቱ ባነሰ መጠን የራሱ የሙቀት መዋዠቅ ይጨምራል የሚለው ነው። ትክክል ነው፤ ሁለቱ ኃይሎች የሚተካከሉበት ቦታ ላይ ደግሞ ማግኔቱ ይበልጥ ልል ስለሆነ ምልክቱና ኖይዙ አብረው ያድጋሉ። ስለዚህ የለስላሳውን ነጥብ ጫፍ መምረጥ ስህተት ነው፤ ከእርሱ ትንሽ ራቅ ብሎ መቆም ይሻላል። መዋዠቁን ደግሞ በብዛት ማሸነፍ ይቻላል፤ መቶ ጃንክሽኖች በአንድ ድልድይ ላይ በተከታታይ ቢቀመጡ ኖይዙ ከምልክቱ አንጻር በአሥር እጥፍ ይቀንሳል፣ የመቶዎቹም ክብደት ድምር የድልድዩ ሃያኛ ገደማ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ሽቦው ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ብረት ኤሌክትሪክን የሚያሳልፈው ሙቀትንም እያሳለፈ ነው፤ በመካከላቸው ያለውን ዝምድና የቪደማንና የፍራንዝ ሕግ ይወስነዋል። በክፍል ሙቀት 50 ኦም የሆነ የማይክሮዌቭ ሽቦ ወደ 150 ናኖዋት በኬልቪን ያሳልፋል፤ ይህ ከጠቅላላው በጀታችን አምስት እጥፍ ነው። አንድ ኪሎ ኦም የሆነ ቀጭን ሽቦ ግን 7 ናኖዋት ብቻ ያሳልፋል። ቋሚ ቮልቴጅን ለማንበብ አንድ ኪሎ ኦም ችግር አይሆንም፤ ማይክሮዌቭን ለማስገባት ግን ችግር ነው። ስለዚህ ማይክሮዌቩ በሽቦ ሳይሆን በክፍተት ላይ በሚዘል ቮልቴጅ፣ ማለትም በአቅራቢያ ካለ ትንሽ ብረት በካፓሲተር ዓይነት መግባት ይኖርበታል። የቮልቴጅ መንገዱን አጥብቄ የምይዘው ለዚህም ጭምር ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «የክፍል ሙቀት» የትኛው ክፍል ነው የሚል ነው። ኤርታ አሌን ያስቡ፤ ክላይቭ ኦፐንሃይመርና ገዛኸኝ ይርጉ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የእሳተ ገሞራው የላቫ ሐይቅ በሙቀት ምስል ተጠንቷል። ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ፈሳሽ ናይትሮጅን ተሸክሞ መሄድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማንም ይረዳዋል፤ ማቀዝቀዣ የማይሻ መሣሪያ የሚናፈቀውም እዚያ ነው። ነገር ግን በዚያው በደናክል፣ ዳሎል ላይ አማካይ የዓመት ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በቀንና በሌሊት መካከል የካሜራው አካል በብዙ ዲግሪ ይወጣል ይወርዳል። የምንፈልገው ምልክት ሚሊኬልቪን ሲሆን፣ ሁለቱ ኃይሎች የሚተካከሉበት ነጥብ ደግሞ በሙቀት ይሸሻል። በአዲስ አበባ ጠዋት የተስተካከለ ፒክስል በደናክል ቀትር ከነጥቡ ይወጣል። ጨረር የማይደርሰው ጓደኛ ጃንክሽን በሲሊከኑ ወለል ላይ አስቀምጦ ልዩነቱን ማንበብ አንዱን ክፍል ይፈታል፤ ሌላውን የሚፈታው ቮልቴጁ ነው፣ የመገናኛውን ኃይል ከፍና ዝቅ እያደረገ ነጥቡን መልሶ ሊያመጣው ይችላልና። ቫናዲየም ኦክሳይድ እንዲህ ያለ በኤሌክትሪክ የሚታረም ነጥብ የለውም። በዚህ ረገድ ስፒንትሮኒክሱ እውነተኛ ብልጫ አለው።

አዲስን ቴክኖሎጂ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከበሰለ ጋር ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም የሚሉም አሉ። በዋጋና በምርት ጥራት ቢሆን እስማማ ነበር። እዚህ የቆጠርኳቸው ግን የሙቀት መዋዠቅ፣ የሽቦ ሙቀት ማሳለፍና የፎቶን ጉልበት ናቸው፤ እነዚህ ከዕድሜ ጋር አይሻሻሉም። ከዚህ ይልቅ የምጠይቀው የሕትመት ልማድ እንዲለወጥ ነው። አንድ ጃንክሽን ላይ በአንድ ጠባብ ነጥብ ያረፈ ጠንካራ ሌዘር የሚፈጥረው ቮልቴጅ፣ ናሙናው መሞቁን እንጂ ዲቴክተር መሆኑን አያሳይም። ሙቀቱ በትክክል የታወቀ ጥቁር አካል ከፊት ተቀምጦ፣ ናሙናው በቫኩም ተንጠልጥሎ፣ የኖይዝ አቻ ኃይሉ በአንድ ኸርዝ ስፋት ከ0.4 ፒኮዋቱ ወለል ጎን ለጎን መጻፍ አለበት፤ የምላሹ ጊዜም እንዲሁ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሳይኖሩ የሚቀርብ የቮልት በዋት አኃዝ ለካሜራ ሠሪው የሚነግረው ነገር የለም።

የማምረቻው ነገር በአንድ በኩል ተስፋ ይሰጣል። የተነል ጃንክሽኖች በ2019 ሳምሰንግ በ28 ናኖሜትር ሂደት ማምረት ከጀመረው የማግኔት ሜሞሪ ጋር አንድ ዓይነት ቁስ ናቸው፤ የሲሊከን ሰርኪዩት በሚጠናቀቅበት የ400 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ያልፋሉ። በሌላ በኩል ሜሞሪው የማያውቀው አንድ እርምጃ አለ፤ ድልድዩን ከወለሉ ለማላቀቅ ከሥሩ ያለውን ፖሊኢሚድ በኦክስጅን ፕላዝማ ማቃጠል ያስፈልጋል። ኦክስጅኑ 1.3 ናኖሜትር የሆነውን ማግኔት ጠርዝ ካገኘው ያበላሸዋል፤ ማግኒዥየም ኦክሳይዱም እርጥበት አይወድም። ጃንክሽኑ ከዚያ በፊት ዙሪያውን በሲሊከን ናይትራይድ መሸፈን አለበት፤ ሽፋኑ ደግሞ የራሱን ክብደት ይጨምራል። ከላይ ለትንሹ ድልድይ የሰጠሁት የ0.2 ማይክሮሜትር ውፍረት ይህን ሽፋን የሚያካትት ስለሆነ የ13 ማይክሮሰከንዱ ስሌት በዚህ ምክንያት አይፈርስም።